ኀዘናችንን ለእግዚአብሔር እንንገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የትምህርቱ ዓላማ

ልጆች ይህን ትምህርት ተምረው ሲጨርሱ፦
ሀ. በኀዘን ጊዜ ማልቀስና ኀዘንን ለእግዚአብሔር መንገር የእምነት ጉድለት እንዳልሆነ ይረዳሉ።
ለ. የጦቢትንና የሣራን ጸሎት ታሪክ በራሳቸው አነጋገር ይተርካሉ።
ሐ. በልባቸው ያለውን ሳይደብቁ መጸለይን ይለማመዳሉ።

መግቢያ

የተወደዳችሁ ልጆች! በደስታ ጊዜ እግዚአብሔርን ማመስገን እንደሚገባን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ገብሱ ሲያፈራ፣ ላሟ ስትወልድ፣ የታመመው ሲድን «ተመስገን» እንላለን። ዛሬ የምንማረው ግን ስለ ሌላው ጊዜ ነው። በረዶ ወርዶ የደረሰውን እህል ሲያጠፋው፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራ ወይም ወደ መተማ የወረደው ወንድማችን ድምፁ ሲጠፋ፣ እናት ስትታመም፣ የምንወደው ሰው ሲሞት ምን ብለን እንጸልያለን?

አንዳንድ ሰዎች ልጅ ሲያለቅስ ሲያዩ «ዝም በል! እግዚአብሔርን ታስቀይመዋለህ» ይላሉ። ለወንድ ልጅም «ወንድ ልጅ የሚያለቅሰው በሆዱ ነው» ይባላል። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ልጁን ስለሚወዱትና እንባውን ማየት ስለሚከብዳቸው ነው። ልጁ ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ሊረዳው ይችላል። «እግዚአብሔር የሚወደው የሚስቁትን ብቻ ነው፤ እንግዲያው ኀዘኔ እስኪያልፍ ድረስ ከእርሱ ልራቅ» ብሎ ያስባል። ይህ እውነት ነውን? አይደለም! ለምን እንዳልሆነ ከዚህ ቀጥለን እንመለከታለን።

1. በአካባቢያችን የደረሰ ኀዘን

በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በአገራችን በሰሜኑ ክፍል ጦርነት ተነሣ። በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ወደ እኛ አካባቢ ደረሰ። ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ በኩል ብዙ ሰዎች ቤታቸውን ትተው፣ የሊማሊሞን ዳገት ወጥተው ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት መጡ። ከእናንተ መካከል ያን ጊዜ የምታስታውሱ አላችሁ። ትንንሾቹም ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል።

በዳባት ወረዳ ጭና ተክለ ሃይማኖት የምትባል ቀበሌ አለች። ስሟ የጻድቁ አባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስም ነው። የጻድቁ የዕረፍታቸው በዓል ነሐሴ 24 ቀን ይከበራል። በ2013 ዓ.ም. ግን በዓሉ ባለፈ ማግስት፣ ከነሐሴ 25 ቀን ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ቀኖች ውስጥ፣ ወደ ስፍራው የገቡ የትግራይ ታጣቂዎች መሣሪያ ያልያዙ ብዙ ሰዎችን ገደሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጳጉሜን ገባች፤ ቀጥሎም መስከረም 1 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ሆነ። አደይ አበባ እንደ ወትሮው ፈነዳ። በኀዘን ላይ ያለ ቤት ግን «እንኳን አደረሳችሁ» ሲባል ምን ብሎ ይመልሳል?

እስቲ በዚያ አካባቢ የሚኖር አንድ ልጅ በሐሳባችን እንሣል። አጎቱ ሞቶበታል። አጎቱ በክረምት በግ ሲጠብቁ ገሣውን ያለብሰው፣ እሸት ጠብሶ ያበላው ነበር። ልጁ አሁንም ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፤ ከጓደኞቹ ጋር አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል። ነገር ግን አፉ ሲጸልይ ልቡ ዝም ብሏል። በልቡ ውስጥ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ጌታ ሆይ፣ የጻድቁን በዓል ባከበርን በማግስቱ ይህ ለምን ሆነ?» ጥያቄውን ማውጣት ይፈራል፤ ኃጢአት ይመስለዋል። ልጆች፣ ይህ ልጅ ምን ያድርግ? መልሱን ለማግኘት ከብዙ ዘመን በፊት በበዓል ቀን ወደ ሐዘነ አንድ ሰው ቤት እንሂድ።

2. ጦቢት በበዓል ቀን አለቀሰ

ጦቢት ከወገኖቹ ጋር ተማርኮ በነነዌ ከተማ ይኖር የነበረ ደግ ሰው ነው። ለተራበ ያበላ፣ ለታረዘ ያለብስ ነበር። ንጉሡ ከወገኖቹ ገድሎ የሚጥላቸውንም በስውር እያነሣ ይቀብር ነበር። ስለዚህ ንብረቱ ሁሉ ተወረሰበት፤ ነፍሱን ለማዳንም ሸሸ። በኋላ ወደ ቤቱ ሲመለስ በዓለ ሃምሳ ደረሰና መልካም ማዕድ ተዘጋጀለት። ጦቢትም ልጁን ጦብያን «ሂድና ከወገኖቻችን ድሀ ብታገኝ ጥራው፤ አብሮን ይብላ» ብሎ ላከው። ጦብያ ግን ያመጣው ሌላ ወሬ ነበር፤ ከወገኖቻቸው አንዱ ተገድሎ በገበያ ወድቋል።

ጦቢት ከማዕዱ ሳይቀምስ ተነሣ። ሬሳውን አነሣና ፀሐይ ስትገባ ቀበረው። የዚያን በዓል ምግብም የበላው እያለቀሰ ነበር። ጎረቤቶቹ «ይህ ሰው አሁንም አልተማረም» ብለው ሳቁበት። በዚያው ሌሊት በግቢው ውስጥ ከግድግዳው ሥር ተኝቶ ሳለ የወፎች ኩስ በዓይኑ ላይ ወደቀ። ባለ መድኃኒቶች ሊያድኑት አልቻሉም፤ ዓይነ ስውር ሆነ።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ይህ ሁሉ የደረሰበት ጦቢት ደግ ሥራ ሲሠራ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መከራ ሲያገኘው ባየን ጊዜ «ምን ኃጢአት ሠርቶ ይሆን?» ማለት አይገባንም።

ጦቢት ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ሚስቱ ሐና በእጅ ሥራዋ ቤቱን ታስተዳድር ነበር። አንድ ቀን አሠሪዎቿ ከደመወዟ በላይ የፍየል ጠቦት ሰጧት። ጦቢት የጠቦቱን ድምፅ ሲሰማ «የተሰረቀ እንዳይሆን» ብሎ ሐናን ተቆጣት። እርሷም አዝና «ያ ሁሉ ምጽዋትህ፣ ያ ሁሉ ደግነትህ የት አለ?» አለችው። ኀዘን በቤት ውስጥ ሲበዛ የሚዋደዱ ሰዎች እንኳ እንዲህ ይጣላሉ። ያን ጊዜ ጦቢት አለቀሰ፤ እያለቀሰም ጸለየ። መኖር እንደ ሰለቸውና መሞት እንደሚሻለው ለእግዚአብሔር ነገረው። አልደበቀም፤ የሐዘነውን ልቡን እንደ ሐዘነ አቀረበው።

3. ሣራም በዚያው ቀን ጸለየች

በዚያው ቀን፣ ከነነዌ በራቀ በሌላ አገር፣ የራጉኤል ልጅ ሣራ እያለቀሰች ነበር። ሰባት ጊዜ ተድራ ሰባቱም ባሎቿ ሞተውባት ነበር። የአባቷ አገልጋዮች «አንቺ ነሽ የገደልሻቸው» ብለው ሰደቧት። ሣራ ይህን የምትነግረው ሰው አላገኘችም። ወደ ሰገነት ወጣችና በመስኮቱ በኩል ሆና ጸለየች። እርሷም እንደ ጦቢት ከዚህ ዓለም መለየት እንደምትፈልግ ተናገረች። በመጨረሻ ግን የእግዚአብሔር ፈቃድ ይህ ካልሆነ በምሕረቱ እንዲያያት ለመነችው።

ልጆች፣ ከእናንተ አንዱ ኀዘኑ በዝቶበት እንደ ጦቢትና እንደ ሣራ «ባልኖር ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ቢመጣበት ለእግዚአብሔር ይንገረው። ነገር ግን በዚህ ብቻ አያብቃ። በዚያው ቀን ለእናቱ፣ ለአባቱ፣ ለመምህሩ ወይም ለንስሐ አባቱ ይንገር። አገራችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለብቻ የሚሸከሙት ሸክም አይደለም።

4. ሁለቱ ጸሎቶች የት ደረሱ?

ጦቢት ሣራን አያውቃትም። ሣራም ጦቢትን አታውቀውም። ሁለቱም «የሚሰማኝ የለም» ብለው ያስቡ ይሆናል። መጽሐፈ ጦቢት በምዕራፍ 3 እንደሚነግረን ግን የሁለቱም ጸሎት በአንድ ጊዜ በእግዚአብሔር ፊት ተሰማ። እግዚአብሔርም ሊቀ መላእክት ቅዱስ ሩፋኤልን ላከላቸው።

ሁለቱም የለመኑት ሞትን ነበር፤ እግዚአብሔር ግን የለመኑትን አልሰጣቸውም። ልመናቸውን ትቶ ኀዘናቸውን ሰማ። ቅዱስ ሩፋኤል በሰው አምሳል ከጦብያ ጋር መንገድ ሄደ። ጦብያ ሣራን አገባ፤ በሕይወትም ኖረ። ከዚያ ወደ ነነዌ ተመልሶ የዓሣ ሐሞት በአባቱ ዓይን ላይ ቢያደርግለት የጦቢት ዓይን በራ። ሽማግሌው ልጁን አቅፎ አለቀሰ። ይህኛው እንባ የደስታ ነበር።

በመጨረሻ መልአኩ ማንነቱን ገለጠ። ጦቢትና ሣራ በጸለዩ ጊዜ ጸሎታቸውን በእግዚአብሔር ፊት ያሳረገ እርሱ መሆኑን፣ ጦቢት ማዕዱን ትቶ ሙታንን ሊቀብር በሄደ ጊዜም አብሮት እንደ ነበር ነገረው። አያችሁ ልጆች! ጦቢት በመቃብሩ አጠገብ ብቻውን የቆመ መስሎት ነበር። ብቻውን ግን አልነበረም።

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ የለብንም። የጦቢት ዓይን በራ፤ በዚያ በዓል ቀን የቀበረው ሰው ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም። በሐሳባችን የሣልነው ልጅም ምንም ያህል ቢጸልይ አጎቱ ነገ በር አንኳኩቶ አይገባም። ይህን ለልጁ ብንደብቀው እንዋሸዋለን። እኛ ክርስቲያኖች በትንሣኤ ሙታን እናምናለን፤ የሞቱትንም በፍትሐት፣ በአርባና በሰማንያ፣ በሙት ዓመት በጸሎት እናስባለን። እስከዚያ ድረስ ግን ናፍቆቱ አለ። ጸሎት ናፍቆቱን በአንድ ቀን አያጠፋውም። ነገር ግን የሚናፍቀው ልጅ ብቻውን እንዳይሆን ያደርገዋል።

የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ጳጉሜን 3 ቀን ነው። በዚያ ቀን በሚዘንበው ዝናብ እየተጠመቃችሁ ትጫወታላችሁ። በ2013 ዓ.ም. ይህ በዓል የዋለው የጭና ለቅሶ ገና ትኩስ በነበረበት ሳምንት ነው። ከእንግዲህ ጳጉሜን 3 ቀን በዝናቡ ስትቆሙ፣ የሁለት ያዘኑ ሰዎችን ጸሎት ያሳረገው መልአክ በዓል መሆኑን አስታውሱ።

5. ቅዱሳን ኀዘናቸውን አልደበቁም

ፊደል ቆጥሮ ንባብ የለየ ልጅ ዳዊት ይደግማል። አያቶቻችንም በየዕለቱ ከዳዊት ይጸልያሉ። በዳዊት ውስጥ ምስጋና ብቻ ያለ ይመስላችኋል? መዝሙር 12ን አንብቡ፤ የሚጸልየው ሰው እግዚአብሔር እስከ መቼ እንደሚረሳው ደጋግሞ ይጠይቃል። በመጨረሻ ግን ወደ ምስጋና ይመለሳል። መዝሙር 87 ደግሞ እንዲያ አይደለም። በኀዘን ጀምሮ በጨለማ ያበቃል፤ በመጨረሻውም የምስጋና ቃል የለበትም። አባቶቻችን ይህን መዝሙር ከዳዊት አላወጡትም። እንዲያውም ከሌሎቹ ጋር እንድንጸልይበት ሰጡን። ስለዚህ ጸሎታችሁን በፈገግታ መጨረስ ያልቻላችሁበት ቀን ቢኖር፣ ያም ጸሎት ነው።

የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐናም በቤተ መቅደስ እያለቀሰች ስትጸልይ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ እንጂ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ገሠጻት። እርሷ ግን ያልሰከረች፣ ልቧ ያዘነባት ሴት መሆኗን፣ ይህንንም ለእግዚአብሔር እየነገረች እንደ ሆነ አስረዳችው። ዔሊም ነገሩ ሲገባው በሰላም እንድትሄድ መረቃት። (1ኛ ሳሙ. ምዕ. 1)

አልዓዛር በሞተ ጊዜ እኅቶቹ ማርታና ማርያም ጌታችንን፣ በዚያ ቢሆን ኖሮ ወንድማቸው ባልሞተ ነበር አሉት። ይህ የሐዘነ ልብ ወቀሳ ነው። ጌታችን ግን አልተቆጣቸውም። ማርያምን ስታለቅስ አይቶ እርሱም አለቀሰ። (ዮሐ. ምዕ. 11) አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ ካለቀሰ፣ በእኛ እንባ እንዴት ይቆጣል?

ቤተ ክርስቲያናችንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው የጽጌ ወቅት፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ ስትሰደድ ያገኛትን ኀዘን በሰቆቃወ ድንግል ታስባለች። ሜዳው ሁሉ በአበባ በተሸፈነበት ወራት ስደትንና እንባን ታስታውሳለች። አበባውና እንባው በአንድ ማኅሌት ይቆማሉ።

6. ለእግዚአብሔር መንገርና ማጉረምረም

«እንግዲያው በእግዚአብሔር ላይ ማጉረምረም ይፈቀዳል ማለት ነው?» የሚል ልጅ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ልዩነቱን በምሳሌ እንመልከት። ሁለት ልጆች በአባታቸው አዘኑ። አንዱ ወደ አባቱ ሄዶ «አባባ፣ ከፍቶኛል፤ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ በጉልበቱ ላይ አለቀሰ። ሁለተኛው ፊቱን አዙሮ ለጎረቤት አባቱን ሲያማ ዋለ። ሁለቱም አዝነዋል። የመጀመሪያው ግን ወደ አባቱ ቀረበ፤ ሁለተኛው ራቀ። እስራኤል በምድረ በዳ ያጉረመረሙት እንደ ሁለተኛው ልጅ ነው። ጦቢት፣ ሣራና ሐና ግን እንደ መጀመሪያው ናቸው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ጨርሶ አትዘኑ አላላቸውም። ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ ነው የመከራቸው። እናዝናለን፤ ነገር ግን በተስፋ እናዝናለን።

ቁጣንስ ምን እናድርገው? ወገኑ የተገደለበት ልጅ «ሳድግ ደሙን እመልሳለሁ» ሊል ይችላል። ይህንንም ቢሆን ለእግዚአብሔር ይንገረው። «ጌታ ሆይ፣ ተቆጥቻለሁ፤ መበቀል እፈልጋለሁ» ብሎ ይንገረውና ፍርዱን ለእርሱ ይተው። ለእግዚአብሔር ያልተነገረ ቁጣ በሆድ ውስጥ ቂም ይሆናል። ቂምም ሌላ ለቅሶ ይወልዳል። የበደለ ሰው በደሉ የራሱ ነው፤ የእርሱን ቋንቋ የሚናገር ሁሉ በደለኛ አይደለም። በዚያ ጦርነት ከተከዜ ማዶም ብዙ እናቶች አልቅሰዋል። የእነርሱንም እንባ የሚያየው ያው አንዱ እግዚአብሔር ነው።

7. እንዴት እንጸልይ?

አንደኛ፣ ስሙን እንጥራ። አማትበን፣ በሥዕለ አድኅኖ ፊት ወይም ባለንበት ቆመን «ጌታዬ ሆይ» እንበል።
ሁለተኛ፣ የሆነውን እንንገረው። እርሱ ያውቀዋል፤ ሆኖም እናት ልጇ ለምን እንዳለቀሰ እያወቀች «ምን ሆነህ ነው?» እንደምትለው ሁሉ እርሱም ከአፋችን መስማት ይወዳል።
ሦስተኛ፣ የምንፈልገውን እንለምን። ትንሽ ነው ብለን አንተወው።
አራተኛ፣ እንደ ሣራ መልሱን ለእርሱ እንተው።
አምስተኛ፣ ቃል ካጣን እናልቅስ፤ ወይም ከዳዊት አንዱን እንድገም። እንባም ጸሎት ነው።

በሐሳባችን የሣልነው ልጅ ከዚህ በኋላ እንዲህ ብሎ ቢጸልይ መልካም ነው፦

«ጌታዬ ሆይ፣ አጎቴ ናፈቀኝ። በጎቹን ይዤ ስወጣ ገሣውን ሳይ አለቅሳለሁ። በበዓሉ ማግስት ለምን እንዲህ እንደ ሆነ አልገባኝም፤ ተቆጥቻለሁም። ይህን ለአንተ መንገር ፈርቼ ነበር። አሁን ነገርሁህ። የአጎቴን ነፍስ ከቅዱሳን ጋር አሳርፍልኝ። እምየ ሌሊት ስታለቅስ እሰማታለሁ፤ አንተም ስማት። ልቤን ከቂም ጠብቅልኝ። ነገም መጥቼ እነግርሃለሁ። አሜን።»

«ነገም መጥቼ እነግርሃለሁ» የሚለውን አስተውሉ። ያዘነ ልጅ ነገም ወደ እግዚአብሔር የሚመለስ ከሆነ እምነቱ አልጠፋም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ጦቢት በበዓለ ሃምሳ ማዕዱን ሳይቀምስ የተነሣው ለምንድን ነው?
2. ጦቢትና ሣራ የለመኑት ምን ነበር? እግዚአብሔር የሰጣቸውስ ምንድን ነው?
3. የቅዱስ ሩፋኤል በዓል መቼ ነው? ከሁለቱ ጸሎቶች ጋር ምን ያገናኘዋል?
4. መዝሙር 12 እና መዝሙር 87 አጨራረሳቸው እንዴት ይለያያል?
5. ኀዘንን ለእግዚአብሔር በመንገርና በማጉረምረም መካከል ያለውን ልዩነት በምሳሌ አስረዱ።

የቤት ሥራ

ሀ. በዚህ ሳምንት በአንድ ምሽት ለብቻችሁ ሆናችሁ በልባችሁ ያለውን አንድ ኀዘን በራሳችሁ ቃል ለእግዚአብሔር ንገሩት። ይህን ለመምህር ማሳየት አያስፈልግም።
ለ. በሰፈራችሁ ሰው የሞተበት ቤት ካለ ከወላጆቻችሁ ጋር ሂዱ። «አታልቅሱ» አትበሉ፤ አጠገባቸው ተቀመጡ። ውኃ መቅዳት ወይም እንጨት ማምጣት ብትችሉ አግዟቸው። ጦቢት ላዘኑት ያደረገው እንዲህ ያለውን ነውና።

የሐዘኑትን የሚያጽናና አምላክ ሁላችንንም ያጽናናን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።